ይቺን ብቻ ልጨርስ

ደራሲው ቤት የሄደ እንግዳ የሚቀመጠው መጽሐፍ ላይ ነው። ማጋነን አይደለም። በር ሲገቡ በስተግራ ያለው አግዳሚ ወንበር የማተሚያ ቤቱ ገመድ ገና ያልተፈታለት የመጽሐፍ እሽግ ነው፤ ሚስቱ ከደንበኞቿ ትርፍራፊ ጨርቅ ቀጣጥላ የሠራችው ልብስ ጣል ተደርጎበታል። ጠረጴዛውም እሽግ ነው። አልጋው እግሩ ተሰብሮ ከተጣለ ወዲህ ፍራሹም የተዘረጋው እሽግ ላይ ነው። ቴሌቪዥን ቢኖራቸው እሱም መጽሐፍ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ግን ቴሌቪዥኑ መጽሐፉን ለማሳተም ተሸጧል።

ሁሉም አንድ መጽሐፍ ነው። አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ሽፋን፣ ጀርባው ላይ አንድ ፎቶ። ደራሲው ለዓመታት ሲጽፈው፣ ሲሰርዘው፣ እንደገና ሲጽፈው ኖሮ ያሳተመው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ዘወር ብሎ ያላየው መጽሐፍ።

«ማንበቡን እንጃ ልጄ፣ ለወገብ ግን ግሩም ነው» ይላሉ አማቱ፣ አግዳሚው ላይ ተደላድለው። እማማ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። አማቻቸውን ይወዱታል፤ ለዚህም ነው የማይምሩት። «ሁለተኛውን መቼ ነው የምትጽፈው? ቁም ሣጥን ያስፈልገናል።»

የሰፈሩም ሰው ደራሲው ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን በአክብሮት ነበር፤ መንገድ ላይ ቆም ብለው እጅ ይነሡታል። ውሎ ሲያድር ቃሉ ያው ሆኖ አባባሉ ተቀየረ። ቢሆንም ሰርግ ያለበት ንግግር፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተጣላ አቤቱታ፣ ፍቅር የያዘው ግጥም ሊያስጽፍ እሱ ዘንድ ነው የሚመጣው። «ለአንተ ምን አላት፣ ሁለት ደቂቃ ናት» ይሉታል። ሁለት ደቂቃዋን ቀኑን ሙሉ ሲለፋባት ውሎ ያስረክባል። «እጅህ ይባረክ» ይባላል። ሰርጉ ላይ ግን ንግግሩ ሲነበብ እሱ ደጅ ቆሞ ነው የሚሰማው፤ መጥሪያ ለመስጠት ማንም አያስታውስም።

የመጻሕፍት መደብሮቹ ጥቂት ጥቂት ተቀብለውት ነበር። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከመጥረጊያው አጠገብ አኖሩትና ከወራት በኋላ አቧራውን እንኳ ሳያራግፉ መለሱለት። አንዱ ባለመደብር አዘነለት። «ወንድሜ፣ ሰው አሁን እንዴት ሀብታም እንደሚሆን የሚነግረው መጽሐፍ ነው የሚፈልገው» አለው። ደራሲው «እኔም እሱን ነበር የምፈልገው» ብሎ እሽጉን ተሸክሞ ወጣ። ለመጻፍ ብሎ ጥሎት የወጣውን እንጀራ፣ መዝገብ ቤት ይሠራበት የነበረውን ወንበር፣ ሌላ ሰው ከያዘው ቆይቷል።

ቤቱን ያቆመችው ሚስቱ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ በቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ላይ ያልተቀመጠ ነገር ቢኖር ይህች መኪና ብቻ ናት። ቀሚስ፣ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ የመጣላትን ሁሉ ትሰፋለች። ባሏ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሲጽፍ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት የመጣ ለት እንኳ አንዱን ቅጂ አንሥታ አገላብጣ፣ ሽታውን ስባ፣ ሳትከፍተው መልሳ አስቀመጠችው።

«አታነቢውም?» አላት።

«የመጨረሻው የተሸጠ ለት አነበዋለሁ» አለች እየሳቀች። «እስከዚያ ዓይኔን አላሳርፍበትም፤ ገዢ እንዳይሸሽ። ስእለት በለው።»

ሌላ ደራሲ ቢሆን ይከፋው ነበር። እሱ ግን እፎይ አለ። እፎይ በማለቱም ራሱን ጠላ።

ምክንያቱ አንድ ገጽ ነበር።

መጽሐፉ ሳይጻፍ በፊት ልጅ ነበረቻቸው። ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን። አንድ ቀን ትንሽ ትኩሳት አላት ተብላ ጓዳ ተኝታ ሳለ እናቷ ለሙሽራ የሚደርስ ቀሚስ እየሰፋች ነበር። ልጅቷ አለቀሰች። እናትየው «ይቺን ብቻ ልጨርስ» አለች፤ የቀሚሱ ጠርዝ ነበር፣ ረጅም ጠርዝ። ልጅቷ ዝም አለች። «ተኛችልኝ» ብላ ደስ ብሏት ሰፍታ ጨረሰች። ሐኪሙ ማንም ቢደርስላት አትተርፍም ነበር ብሏል። ሐኪም እንዲህ ማለት ሥራው ነው፤ እናትየው አላመነችውም።

ስትጠራ አለመነሣቷን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ንጋት ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለባሏ ነገረችው። «ለእናቴ እንዳትነግርብኝ» አለችው። «ለማንም። ይቺን ብቻ ልጨርስ ማለቴን ለማንም።» አቅፏት ማለ።

ልጅቷ ከሞተችበት ቀን ወዲህ ሰው ሲጠራት ስፌቷን ጨርሳ አታውቅም። ሽንኩርት ሻጭ ከደጅ ቢጮህ እንኳ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተከለች ትነሣለች። የምትሰፋው ልብስ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ጠመም ይላል፤ ስፌቷን አቋርጣ የተነሣችበት ቦታ ነው። ደንበኞቿ «የሰፊዋ ማኅተም» እያሉ ይስቁባታል። እሷም ትስቃለች።

ደራሲው ግን ጻፈው። ሰፊዋን ጸጉር ሠሪ አደረጋት፤ ሴቷን ሕፃን ወንድ አደረጋት፤ ሰፈሩን ለወጠ። ያቺን አንዲት ንግግር ግን መለወጥ አቃተው። ሌላ ቃል ሲያስገባባት ገጹ ይሞትበታል። ሰርዞ ሰርዞ ሲያበቃ እንደነበረች መለሳት። የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ አላውቅም ነበር ቢል ውሸቱን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ እውነተኛ ነገር ቢኖር ያቺ ገጽ ብቻ መሆኗንም ያውቅ ነበር። አንድ አመሻሽ ላይ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ተሰብስበው «እስቲ ካንተ መጽሐፍ አንብብልን» ሲሉት ሌላ ገጽ ሊያነብ ተነሥቶ እጁ ያቺው ላይ ገለጠ። ሴቶቹ አለቀሱ። ቆመው አጨበጨቡለት። ከዚያ ሻይ ጠጥተው፣ አንድም ሳይገዙ ተበተኑ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በር ላይ ጠብቃ «እንዴት ነበር? የቱን አነበብክላቸው?» አለችው። «መግቢያውን» አላት።

እንግዲህ የስፌት መኪናዋን የሚያዞረው ዲናሞ የተቃጠለው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። ከመንደሩ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ዩኒፎርም እንድትሰፋ ትልቅ ሥራ ተሰጥቷት ነበር፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝታ አታውቅም። ጨርቁ ተቆርጦ፣ በልክ በልኩ ተደርድሮ ጠረጴዛው ላይ፣ ማለትም መጽሐፉ ላይ ተከምሯል። መኪናዋ አንድ ጊዜ ጓ አለች፣ ጭስ አወጣች፣ ዝም አለች። የመኪና ጠጋኙ መጥቶ ከፍቶ አሸተተና «ይቺ አትታከምም። ሌላ ዲናሞ ነው» አለ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ እስከ ሰኞ ካልጀመረች ጨርቁን ለሌላ ሰፊ እንደሚወስድ በጨዋ ደንብ ነገራት።

ሰፊዋ አላለቀሰችም። ከሞተችው መኪና ፊት ተቀምጣ መሽከርከሪያዋን በእጇ ታዞራለች፣ ታዞራለች። ደራሲው ያንን ማየት አልቻለም። የማን በር ያንኳኳ? ያልለመነው ዘመድ፣ ያልተለማመጠው ወዳጅ የለም። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ሲያይ የሚሸጥ ነገር አጣ፤ ከመቀመጫው በቀር።

ባለሚዛኑን ጠራው። ባለሚዛኑ በየቤቱ እየዞረ አሮጌ ወረቀት በኪሎ የሚገዛ፣ ሚዛኑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ነው። አንዱን መጽሐፍ አነሣ። ገለጠው። ቅጠሉን በጣቱ አሸት አደረገ፣ ወደ ብርሃን አቀና፣ በምላሱ ጫፍ ነካ አደረገው።

«ጥሩ ነው» አለ ከልቡ። «እውነቴን ነው፣ ጥሩ ሥራ ነው። ዘይት አያሳልፍም።»

መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ የተሰጠው የመጀመሪያ አስተያየት ይህ ነበር። እማማ ከአግዳሚው ላይ ሆነው ከት ብለው ሳቁ። ደራሲውም ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

«ሽፋኑ ግን ላስቲክ አለበት፤ እሱን አልመዝንም። ገንጥላችሁ ጠብቁኝ፣ ነገ ከምሳ በኋላ ጋሪ ይዤ እመጣለሁ።»

«የት ነው የሚሄደው?» አለች ሰፊዋ።

«የት ይሄዳል? እዚሁ ነው እንጂ። ኦቾሎኒ ሻጩ አለ፣ ሚስማር ሻጩ አለ፣ የየሱቁ መጠቅለያ ነው። እዚሁ ሰፈር ነው የማከፋፍለው» አለና ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም መሬት ላይ ተቀምጠው ሽፋን ይገነጥሉ ጀመር። አግዳሚው ፈረሰ፣ ጠረጴዛው ፈረሰ፣ አልጋው ፈረሰ። ቤቱ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን ማንም አስታውሶ አያውቅም። ሰፊዋ እጇ ጨርቅ መቅደድ የለመደ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ሽፋኑን ከነጀርባው ታላቅቀዋለች። እማማ ግን እያንዳንዱን ሽፋን ከቀደዱ በኋላ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ከበስተጀርባው ያለውን ፎቶ ካላዩ አይጥሉትም።

«እንዴት ታምር ነበር! ያኔ ሥጋ ነበረህ።»

«አንድ ፎቶ እኮ ነው እማማ፣ ሁሉም ያው ነው።»

«ምን ቸገረህ፣ ላይህ ተወኝ። ማን አየህና!»

ወለሉ በፊቱ ተሞላ። ደራሲው የራሱን ፊት እየረገጠ እሽግ ያመላልሳል። ቢሆንም በመጥፎነቱ ውስጥ አንድ ደህና ነገር አየ። መጽሐፉ ሚስቱ ሳታነበው ሊሄድ ነው። ኦቾሎኒ የሚበላ ሰው መጠቅለያ አያነብም። ያቺ ገጽ ጨው ትጠቀለልባታለች፣ ትጨማደዳለች፣ ትጣላለች፤ አለቀ። እስከ ዛሬ ከተሸከመው የትኛው እንደከበደው፣ ያልተሸጠው መጽሐፍ ይሁን ያልተነገረው ገጽ፣ እሱም አያውቅም።

«ዛሬ አለቀ ማለት አይደል?» አለች ሚስቱ በድንገት።

«ምኑ?»

«መጽሐፉ። ሁሉም ተሸጠ ማለት ነው እኮ።» ፊቷ ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግታ መጣ። ልታጽናናው ነበር፤ ያስታውቃል። «ስእለቴ ደረሰ። አንዱን ለእኔ አስቀርልኝ፤ አሁኑኑ ነው የማነበው።»

ደራሲው እጁ ላይ ያለው መጽሐፍ ሊወድቅበት ነበር። «ምን ያደርግልሻል፣ ሥራ አለብን» አለ። «እያረፍኩ ነው የማነበው» አለች። «ሰኞ ታነቢዋለሽ» አለ። «ሰኞማ መኪናዬ ላይ ነኝ!» አለች። «እንግዲያው ደህናውን ልምረጥልሽ» ብሎ አንድ ንጹሕ ቅጂ ከነሽፋኑ አነሣ፤ የስፌት መፍቻ ምላጯን በኪሱ ሸጎጠ፤ ወጣ።

ከግቢው መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ቀረቀረ። ገጿን ከሥሯ በምላጭ ቆረጣት። ሳያያት አጣጥፎ ጉድጓዱ ውስጥ ጣላት። ገብቶ መጽሐፉን ለሚስቱ ሰጣት፤ እሷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችው።

ከዚያ ያልጠበቀው ነገር መጣ። ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ታነባለች። ፈገግ ትላለች። «እንዴ! ይሄማ ያ ቅናተኛው ጎረቤታችን ነው! ጉድ፣ አፉን እንኳ አልቀየርክለትም!» ብላ ሳቀች። ወደ ንባቧ ተመለሰች። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ ወደኋላ ተመልሳ እንደገና አነበበች፤ ደራሲው የትኛው አረፍተ ነገር እንደሆነ ከቦታው ለየው፣ እሱም የሚወደው ነበር። ሽፋን መገንጠሉን ረሳ። ለዓመታት የተመኘው ይህንን ነበር፤ መደብር አይደለም፣ ጭብጨባ አይደለም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲህ እንዲያነብለት። ለካ ያ ሰው ከሞተች መኪና ፊት ተቀምጦ ሲጠብቅ ኖሯል።

ያን ጊዜ ከመጽሐፉ መሐል አንድ ቅጠል ተንሸራቶ ጭኗ ላይ ወደቀ።

መጽሐፉ በክር የተሰፋ ነበር። እያንዳንዱ ቅጠል ከእጥፋቱ ወዲያ ማዶ ካለው ጋር አንድ ወረቀት ነው፤ አንዱን ከሥሩ የቆረጠ ሌላውን ያለ መያዣ ያስቀረዋል። ደራሲው ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ሲታጠፍ ሲሰፋ በዓይኑ አይቷል። ግን የደነገጠ ሰው ምን ያስታውሳል።

ሚስቱ የወደቀውን ቅጠል አነሣች። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። አንዱ ገጽ የሚያበቃው «ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ» ብሎ ነው፤ ቀጣዩ የሚጀምረው ደግሞ ከቀብር በተመለሱ ሰዎች ነው። መሐሉ የለም። በአውራ ጣቷ የተቆረጠውን ጠርዝ ዳሰሰችው።

«የማተሚያ ቤት ስህተት ይሆናል» አለ ደራሲው።

«ይሄ ምላጭ ነው» አለች። ዓይኗን ከዓይኑ ላይ ሳታነሣ እጇን ወደ ጎን ሰደደች። እዚያ በስተቀኟ ክምር ነበር፣ በስተግራዋም ክምር፣ ከኋላዋም ክምር፤ ቤቱ ሙሉ ያው መጽሐፍ ነው። አንዱን ብቻ ቆርጦ ከሌላው ሁሉ መሐል አስቀምጧት ነበር። ሳይቆርጣት ቢቀር ምናልባት ሰው ሲጠራት፣ ሥራ ሲበዛ፣ ገጿን ሳትደርስባት ትቀር ይሆናል። አሁን ግን እሱው ራሱ በጣቱ እንዳመለከታት ቀጥ ብላ ሄደችበት።

አነበበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊቷ ምንም አልሆነም። ለደራሲው ይህ ነው የከበደው፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። መሬት ላይ እንደተቀመጠ ጉልበቱን አቅፎ ፍርዱን ጠበቀ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ እማማ። «ሲያስቅሽ አልነበር? ለእኔም አንብቢልኝ እንጂ። የአማቼ መጽሐፍ አንድ ገጽ ሳልሰማ ኦቾሎኒ ሊጠቀለልበት ነው?»

«ይቅርብዎት እማማ፣ ረጅም ነው» አለ ደራሲው።

«አንተን አላልኩህም። አንብቢ ልጄ።»

ሰፊዋ መጽሐፉን ከፍ አደረገችው። ጉሮሮዋን ጠረገች። ማንበብ ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ዓይኗ ከገጹ ላይ ሳይነሣ።

«ጸጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ጸጉር ግማሹን ሠርታለች። ግማሹ ቀርቷል። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ‹እመቤቴ፣ ይቅርታ› አለች። ጸጉሩን ለቀቀችው። ሴትየዋ ተቆጣች። ትቆጣ። እሷ ግን ተነሣች።» ትንፋሽ ወሰደች። «ተነሣች። ወደ ጓዳ ሄደች። ሩቅ አይደለም፣ ጥቂት እርምጃ ነው። አነሣችው። ገላው ይፋጅ ነበር። ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ‹መጣሁ፤ ይኸው መጣሁ፤ ሰምቼሃለሁ› አለችው። እሱም አያት። ማን እንደያዘው አወቀ።»

ገጹ ላይ ከዚህ አንድ ቃል እንኳ የለም። ደራሲው ያውቃል፤ የጻፈው እሱ ነው። ግን ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጦ ሲጽፍና ሲሰርዝ ይቺን ገጽ መጻፍ ይቻል እንደነበረ አንድ ቀን በሐሳቡ አልመጣም።

«እሰይ!» አሉ እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ዳነ?»

«እንጃ እማዬ። እናቱ ግን ደርሳለታለች።»

«እንዲህ ነው እንጂ መጻፍ! ታዲያ ይሄ ለምንድን ነው ያልተሸጠው?» ብለው አማቻቸውን አዩት። እሱ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ሽፋን ይሰበስብ ጀመር። እሳቸውም ተመርኩዘው ተነሥተው ፀሐይ ሊሞቁ ወደ ደጅ ወጡ።

ሁለቱ ቀሩ። ሰፊዋ መጽሐፉን ዘጋችው።

«ሰው ሰምቶታል?» አለች።

«አንድ ቀን… ያን ቀን። አንብቤው ነበር።»

«መግቢያውን ያልከኝ ቀን።»

«አዎ።»

«አጨበጨቡ?»

ሊዋሽ ፈልጎ ነበር፤ አቃተው። «አጨበጨቡ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ እናቷ እንዳይሰሙ። «ሸጥከኝ እኮ። መሸጥስ ሸጥከኝ፤ የገዛኝ ግን የለም። ይኸው አሁን በኪሎ ልሄድ ነው።»

«ለእኛ ብዬ ነው፤ መጽሐፉ ቢሸጥ…»

«ተው» አለች። «ይሄን እንኳ ተወው።»

ተወው። እግሯ ላይ ሊወድቅ አሰበ፤ ለዚያም ፊት አጣ። እሷ ግን ከክምሩ አንድ መጽሐፍ አንሥታ ያቺን ገጽ ገለጠችና ከሥሯ ገነጠለቻት። ሌላ አነሣች። ገነጠለች። ደራሲው መጀመሪያ አልገባውም፤ በኋላ ኦቾሎኒ ሻጩ፣ ሚስማር ሻጩ፣ የየሱቁ ባንኮኒ ትዝ አለው። እዚሁ ሰፈር ነው የማከፋፍለው ብሏል ባለሚዛኑ። ነገ እናቷ በዚያች ገጽ የተጠቀለለ ጨው ገዝተው ሊገቡ ይችላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ ማንበብ ያውቃል። እሱም ተጠግቶ ይገነጥል ጀመር። አልከለከለችውም፤ አላየችውምም።

ባለሚዛኑ ጋሪውን ይዞ ሲደርስ አልጨረሱም ነበር። «ምንድን ነው የምትለቅሙት? ሽፋን ነው ያልኩት እኮ! በገዛ እጃችሁ ክብደቱን ታቀሉታላችሁ?» ብሎ ተገረመ። እነሱ መገንጠላቸውን ቀጠሉ፤ እሱም ሚዛኑን አስቀምጦ ጠበቀ። የመጨረሻው መጽሐፍ ከተመዘነ በኋላ ለዲናሞ የሚበቃ ሆነ፤ ለአዲስ ሳይሆን ለአሮጌ። ጋሪው ላይ ጭነው ሲያበቁ ባለሚዛኑ ደራሲውን ገለል አደረገው።

«ሌሎች የምታውቃቸው የሉም? እንዲህ ያለ የተከመረበት ደራሲ? ብታገናኘኝ ከእያንዳንዱ ላይ የድርሻህን እሰጥሃለሁ።»

ደራሲው ጋሪው ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ አየ። በልቡ ግን ያን አመሻሽ አብረውት ሻይ የጠጡትን ደራሲዎች አንድ በአንድ ማሰብ ጀምሮ ነበር፤ እገሌ ቤት አልጋው ሥር፣ እገሌ ቤት ኮርኒሱ ላይ። ምን እያሰበ እንደሆነ ሲገባው ዘገነነው። ከሥነ ጽሑፍ እንጀራ ሲቀርብለት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ቤቱ ባዶ ሆነ። የቀረው የተገነጠለው ገጽ ክምር ብቻ ነው፤ አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ቃል፣ ቁመቱ ጉልበት የሚደርስ። ሊያቃጥለው ክብሪት ፈለገ። ሚስቱ እጁን ያዘችው። ከዩኒፎርሙ ትራፊ ጨርቅ ትልቅ ከረጢት ቆርጣ፣ መኪና ስለሌላት በእጅ መርፌ ሰፋችው። ገጾቹን አንድ በአንድ እየጨማደደች ጠቀጠቀችበት፤ አፉን ሁለት ጊዜ ደርባ ሰፍታ ዘጋችው። እናቷ መቀመጫ የላቸውም፣ አግዳሚው ሄዷል። ግድግዳው ሥር አኖረችላቸው።

እማማ ቁጭ አሉበትና ወዲያ ወዲህ ተደላደሉ። «አሃ! ይሄኛው ከፊተኛው ይሻላል። ለስላሳ ነው» አሉ። ደራሲው ፊቱን ወደ ደጅ አዞረ።

ሰኞ ዲናሞው ተገጠመ። መኪናዋ ነፍስ ዘራች፤ ድምፁ ባዶውን ቤት ሞላው። ሰፊዋ ጠዋት የተቀመጠች ቀና አላለችም። ደራሲው ሥራ ፍለጋ ወጥቶ፣ ከየበሩ ተመልሶ፣ ምሳ አበስሎ አቀረበ፤ ማዕዱን ወለሉ ላይ ነው የዘረጋው። ገጿን ካነበበች ወዲህ ለእሱ የተናገረችው ከአስፈላጊው በላይ አልነበረም። ቢሆንም ሰው ሲጠራት እንደምትነሣ ያውቃል። ስንት ጊዜ ተናድዶባት ነበር፤ ዛሬ ግን ያቺው አመሏ ተስፋው ሆነች። መርፌውን ተክላ ትነሣለች፤ ትመጣለች፤ ከፊቱ ትቀመጣለች።

«ነይ፣ ቀርቧል» አላት።

መኪናዋ አልቆመችም።

ተጠጋ። «ነይ እንጂ። ይበርዳል።» ድምፁ ተሰበረ፤ ልመና ሆነ። «እባክሽ።»

«ይቺን ብቻ ልጨርስ» አለች።

ቀና አላለችም። ደራሲው እጁን አንጠልጥሎ ከኋላዋ ቆመ። ጨርቁ ከመርፌው ሥር እየተሳበ ይሄዳል፣ ይሄዳል።

«ምን ነካት ዛሬ?» አሉ እማማ ከአዲሱ መቀመጫቸው ላይ። «ተጠርታ የማትነሣ ልጅ አልነበረችም።»

ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር አንድም ቦታ ላይ ሳይጠምም አለቀ። ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና ሌላውን ጀመረች።